የአብዲ ቀኝ ጆሮ

ሐሙስ፣ የካቲት 5

ዛሬ ፋብሪካችን ውስጥ የተግባቦት ሥልጠና ነበረን። አሠልጣኟ ክብ ሠርተን እንድንቀመጥና አንድ ወሬ በሹክሹክታ እንድንቀባበል ነገረችን። አጠገቤ የተቀመጠው ተቆጣጣሪያችን አብዲ ነው። ጠዋት በስፌት ማሽኔ በኩል ሲያልፍ ሰላም ብለው አይመልስልኝም። የናቀኝ ይመስለኝ ነበር።

ወደ ጆሮው ጠጋ ብዬ ሳንሾካሹክለት ፊቱን አዞረና፣ "በቀኜ ንገሪኝ፤ ግራው አይሰማም" አለኝ።

"እንዴ! ለምን አልነገርከንም?"

"አቦ፣ ማን ጠየቀኝ?" ብሎ ሳቀ።

ከሥራ ስንወጣ ሰርቪስ ውስጥ በቀኙ በኩል ተቀመጥኩ። ሳቢያን ሰፈር እስክንደርስ ሲያስቀኝ መጣ። ለካ እንዲህ ጨዋታ አዋቂ ነው! ከጎኔ ስለምትሰፋው ስለ ዘሀራም ቢሆን ከስሟ በቀር ምንም አላውቅም። ነገ አንድ ነገር ልጠይቃት አሰብኩ። ግን ከምን ልጀምር?