ቀፎውን የገለበጠው ማነው?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4

ዝናብ። ምስር ቀቀልኩ። ቤላርሚኖ ጨው አነሰው አለ። ወንድሜ ጨው ያላነሰው ቀን የለም።

ከሰዓት በኋላ አንዲት ሴት በር አንኳኳች። ኢትሲያር ትባላለች፤ የዩኒቨርሲቲ የድብ ተመራማሪ ናት። የተራራውን መንገድ የሚያውቅ ሰው ብትጠይቅ ወደ እኔ ላኳት። ማን ይወቀው ታዲያ? ሠላሳ አንድ ዓመት ደብዳቤ ያመላለስኩበት ነው። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ እግሬም ሥራ ፈትቷል።

ሥራው የድብ ፀጉርና ሌላ ነገር መልቀም ነው አለች።

"ሌላ ነገር ምንድነው?"

"ከኋላው የሚወጣው" አለች፣ ፈገግ እንኳ ሳትል።

ቤላርሚኖን ምስሩ ትን አለው።

እሺ አልኩ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6

ትምህርት ጀመርኩ። ድቡን ማየት አያስፈልግም፤ ፀጉሩ ይበቃል። ከፀጉሩ ሥር ዲኤንኤ ያወጣሉ። ከዚያ ማንነቱ፣ ወንድ ሴትነቱ፣ እናትና አባቱ ሳይቀሩ ይታወቃሉ። ድብ መታወቂያውን እየጣለ ነው የሚዞረው ማለት ነው።

ለምን እዚህ መጣሽ አልኳት። በአውራጃችን በአስቱሪያስ ምዕራብ የሚኖሩ ድቦች አሉ፤ በምሥራቅ የሚኖሩም አሉ። እኛ መሀል ላይ ነን። ሰው አድኖ አድኖ ሊጨርሳቸው ሲል ሁለቱ ወገኖች ተቆራረጡ። አሁን ቁጥራቸው እያገገመ ነው። ወንዶቹ አልፎ አልፎ በሸለቋችን ውልብ ይላሉ፤ ሴት ግን እዚህ ሰፍራ አታውቅም። ሴት ካልሰፈረች ደግሞ ሁለቱ ወገኖች አይቀላቀሉም።

"እዚያው በዚያው ሲጋቡ ደማቸው ይደክማል" አለች።

"እንደ ነገሥታቱ ዘር?"

"ልክ እንደነሱ።"

ቅዳሜ፣ ግንቦት 8

የላም እበት ይባላል። የአህያ ፋንድያ። የፍየል በጠጥ። የዶሮ ኩስ። የድብስ? ስናስብ ዋልን። "ናሙና በሉት፣ ይቅርብዎ" አለችኝ ኢትሲያር። ቤላርሚኖ ሌላ ስም አውጥቶለታል… እዚህ አልጽፈውም።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18

ጫካ ውስጥ ዛፎችን በእሾሃማ ሽቦ አጠርን። መሀል ላይ ማባበያ እናፈሳለን፤ በርሜል ውስጥ ወራት የከረመ የዓሣና የደም ብስባሽ። ድቡ ሽታውን ተከትሎ ሲሾልክ ሽቦው ጥቂት ፀጉር ያስቀርበታል። አይጎዳውም።

ግማሹ እኔ ቀሚስ ላይ ተደፋ።

መጠጥ ቤት ስገባ ባለቤቷ ኤሎይና አፍንጫዋን ይዛ "ማን ሞቶብሽ ነው አንቺ?" አለችኝ። ሰው ሁሉ ወንበሩን እየጎተተ ራቀ። አራት ውሾች እስከ ቤቴ ሸኙኝ። በወጣትነቴ እንኳ ይህን ያህል ተከታይ አልነበረኝም።

ረቡዕ፣ ሰኔ 2

ከእራት በፊት ቤላርሚኖ እየጮኸ ገባ። ከቀፎዎቹ አንዱ ተገልብጧል! የማር እንጀራው ተወስዷል!

"ድብ ነው! ያንቺ ድብ!"

"አየኸው?"

"በዓይኔ በብረቱ!"

"ምን ይመስላል?"

"ትልቅ።"

"ሌላስ?"

ትንሽ አሰበ። "…ፀጉራም።"

የታችኛው ከንፈሩ አብጧል። ምን ሆነህ ነው ብለው ጥርሴን አሞኝ ነው አለ።

ሰኞ፣ ሰኔ 7

ሁለተኛ ቀፎ። መንደሩ በድብ ወሬ ተናጠ። ቤላርሚኖ ለመንግሥት ደብዳቤ ጻፈ፤ ድቡ ተይዞ ከሸለቋችን ይውጣልን የሚል። በየቤቱ እየዞረ ያስፈርማል። ሃያ ሦስት ሰው ፈርሟል። እኔ አልፈረምኩም። ምስሩን ሳይጨርስ ተነሣ።

ኢትሲያር "መጀመሪያ ማን እንደሆነ እንወቅ" ብላ ቀፎዎቹንም በሽቦ አጠረች። ቤላርሚኖን ደስ አላለውም። አይቼዋለሁ እያልኩ ምን ሽቦ ያስፈልጋል እያለ አጉረመረመ።

ዓርብ፣ ሰኔ 18

ላይ፣ ከምንጩ በላይ ካለው ሽቦ ፀጉር ተገኘ! ቡናማ፣ ረጅም፣ ጫፉ ነጣ ያለ። በወረንጦ አነሣሁት። ፖስታው ውስጥ አድርጌ ቁጥሩን ጻፍኩ፤ አሥራ ሰባት። ስንት ሺህ ፖስታ በእጄ አልፏል… ልቤ እንዲህ የመታልኝ ግን የለም።

ከቀፎው ሽቦም ትንሽ አገኘሁ። ነጭ፣ ጥምዝምዝ ያለ። ሽማግሌ ድብ ይሆን?

ሐሙስ፣ ሐምሌ 1

ቤላርሚኖን ሐኪም ቤት ወሰድኩት። ስኳሩ ጣሪያ ነክቷል። ሐኪሙ ጮኸበት።

"ምንድነው የምትበላው?"

"እህቴን ጠይቃት! ምስር ነው የምታበላኝ። ያለ ጨው!"

እውነቱን ነው። ማር ከተከለከለ ወዲህ የማር ክፍሉ ቁልፍ እኔ አንገት ላይ ነው፤ ስተኛም አላወልቀው። ታዲያ ከየት መጣ?

ማክሰኞ፣ ጥቅምት 12

ውጤቱ መጣ። ኢትሲያር ወጥ ቤት ተቀምጣ አነበበችልኝ። ደግነቱ ቤላርሚኖ አልነበረም።

"ናሙና አምስት… አህያ።"

የኤሎይና አህያ ትሆናለች። የማትገባበት የለም።

"ዘጠኝ… ውሻ። አሥራ አንድ… ሰው፣ ሴት።"

ፀጉሬን ዳሰስኩ። ሽቦው ሥር ስሾልክ ፀጉሬ ተይዞ ነበር። እሷም አልጠየቀችኝም።

"አሥራ ሰባት… ድብ።" ቀና ብላ አየችኝ። "ሴት። እናቷ ከምዕራብ፣ አባቷ ከምሥራቅ።"

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ከዚያ እሷ አለቀሰች፤ እኔም ተከተልኳት። ሁለቱ ወገኖች ዕድሜዬን ሙሉ በወጣሁ በወረድኩበት መንገድ ላይ ነው የተገናኙት…

"አንድ ይቀራል" አለች ዓይኗን እየጠራረገች። "አሥራ ስምንት፣ ከቀፎው ሽቦ ላይ። ሰው። ወንድ። ማንነቱን አንመረምርም፤ ሥራችን ድብ ነው።"

ነጭ። ጥምዝምዝ ያለ።

ያበጠው ከንፈር። ስኳሩ። ሌባ ላመሉ ዳቦ ይልሳል ይባላል… ይሄኛው ደግሞ የራሱን ማር!

ረቡዕ፣ ጥቅምት 13

እሑድ ስለ ደብዳቤው ስብሰባ አለ። ብናገር ወንድሜ የመንደር መሳቂያ ሊሆን ነው። ዝም ብል ድቧን ሊያስወስዳት ነው። ለስንት ዘመን የጠፋች፣ ገና አንዲት… በወንድሜ የማር አምሮት ትሰደድ?

ኢትሲያር የማን ፀጉር እንደሆነ ገብቷታል መሰለኝ። የእርስዎ ጉዳይ ነው ብላኛለች።

እሱን ለብቻው ላናግረው ሦስት ጊዜ አፌን ከፈትኩ። ሦስቱንም ጊዜ "ምስር ልጨምርልህ?" ነው ያልኩት።

እሑድ፣ ጥቅምት 17

ሁሉንም ልጻፈው።

ኤሎይና ቤት ጢም ብሏል። የመንደሩ ሹም ኒካኖር ደብዳቤውን አነበበ። ኢትሲያር ተነሥታ ስለ ሴቷ ድብ ተናገረች። አንዳንዱ አጨበጨበ።

"ሴት ብትሆንስ?" አለች ኤሎይና። "ማር በላች ወይስ አልበላችም?"

"ቀፎው ላይ የተገኘው የድብ ፀጉር አይደለም" አለች ኢትሲያር።

"የምን ነው ታዲያ?"

ኢትሲያር ወደ እኔ አየች። ተነሣሁ። ወንበሩን ተደገፍኩ።

"የሰው ነው" አልኩ። "የወንድ።" ከዚያ በላይ አልወጣልኝም።

ቤቱ ተናወጠ። "ሌባ አለ ማለት ነው!" ብላ ኤሎይና ከባንኮኒው ኋላ ወጣች። "ወንዶች ተሰለፉ! ከእያንዳንዳችሁ ፀጉር እነቅላለሁ!"

ኒካኖር መላጣውን ዳሰስ አድርጎ "እኔ ነፃ ነኝ" አለ።

"ቅንድብ አለህ አይደል?" ብላ ነጨችው። ጮኸ። ቀጥሎ ዳቦ ጋጋሪውን። እሱም ጮኸ። ቤላርሚኖ ጥግ ላይ ነጭ ጢሙን በሁለት እጁ ሸፍኖ ቆሟል። እሷ አንድ እርምጃ ስትቀርብ እሱ አንድ ሲሸሽ፣ ጀርባው ግድግዳ ነካ።

"ተዪኝ… እኔ ነኝ" አለ።

ኤሎይና እጇን አወረደች።

"አንተ ምን?"

"እኔ ነኝ የበላሁት።"

"የራስህን ማር ሰረቅክ?!"

"ማሩማ የራሴ ነው! ቁልፉ ግን የሷ ነው!" ብሎ ጠቆመኝ። "እሷን ከምጋፈጥ በድብ ላላክክ አልኩ። ድብ አፍ የለው፣ አይመልስ…"

ሳቁ! ኒካኖር ከወንበር ወደቀ። ኤሎይና በሽርጧ እንባዋን ጠረገች። ቤላርሚኖ ግን ደብዳቤውን ከጠረጴዛው አንሥቶ ለአራት ቀደደው። ፊቱ ቲማቲም መስሏል። "ድቧን ይቅርታ" አለ፣ ለማን እንደሚለው ሳያውቅ።

እኔ መሳቅ አቃተኝ። ወንድሜ ከድብ ይልቅ እኔን ፈርቶ ኖሯል። እንዲህ ነኝ እንዴ?

ወደ ቤት ስንመለስ "ሐኪሙን እንጠይቀውና እሑድ እሑድ አንዲት ማንኪያ…" አልኩት።

"ትልቁን ማንኪያ?"

"ዝም ብለህ ሂድ።"

ዓርብ፣ ታኅሣሥ 10

በረዶ እስከ መስኮቱ። ድቧ የሆነ ቦታ ተኝታለች። የቤላርሚኖ ስኳር ወርዷል፤ ማንኪያው ትንሹ ነው። መንደሩ "ድቡ" ብሎ ስም አውጥቶለታል። ልጆች ሲያልፍ ያጓራሉ። እሱም መልሶ ያጓራል።

ቅዳሜ፣ ሰኔ 11

ቤላርሚኖ በጠዋት በሬን ሊሰብረው ደረሰ!

"ኦብዱሊያ! ሦስት ቀፎ! እኔ አይደለሁም! በእናታችን እምላለሁ!"

ወጥቼ አየሁ። ሳጥኑ ተሰነጣጥቋል፣ ሰፈፉ ሜዳው ላይ ተበትኗል። ሰው እንዲህ አይሰብርም። ኤሎይና ቤት ሄዶ ቢናገር ማን ይመነው? "ድቡ ራቡ ተነሣበት!" ብለው ሳቁበት።

እየሮጠ መጣ። ጓንቴን፣ ወረንጦዬን፣ ፖስታዬን ወሰደ። ሽቦው ሥር ተንበርክኮ ግማሽ ቀን አንዲት አንዲት ፀጉር ለቀመ። ላግዘው ብዬ ብጠጋ "በባዶ እጅሽ እንዳትነኪ! ናሙናዬን ታበላሺብኛለሽ!" ብሎ አንባረቀብኝ።

ናሙናዬ አለ።

ዓርብ፣ ነሐሴ 19

ኢትሲያር ደወለች። ስልኩን ጠረጴዛው መሀል አደረግነው። ቤላርሚኖ ጢሙን አበጥሮ፣ ፍርድ ቤት እንደቀረበ ሰው ቀጥ ብሎ ተቀምጧል።

"የመጀመሪያው ፖስታ… ድብ፣ ሴት። የእኛዋ ናት።"

"አላልኩሽም!" ብሎ ብድግ አለ። ኮፍያውን አጠለቀ። ለመንደሩ ሊያሰማ ነው።

"አቶ ቤላርሚኖ፣ ይቆዩ። ሁለተኛው ፖስታ ሌላ ድብ ነው።"

"ሌላ?"

"ወንድ ግልገል። እናቱ ያቺው። የዘንድሮ ይመስለኛል።"

ቤላርሚኖ ተመልሶ ተቀመጠ። ኮፍያውን አወለቀ።

"ልጅ ይዛ ነው የመጣችው?"

"ይዛ ነው።"

"እሱም… በላ?"

"ፀጉሩ በማር ተጣብቆ ነው የደረሰን።"

ቤላርሚኖ ኮፍያውን በእጁ አዟዟረ። ወደ ስልኩ ጠጋ አለ።

"ከስንተኛው ቀፎ?"

"ፖስታው ላይ ሦስት ብለው ጽፈዋል።"

"ሦስተኛው እኮ የላይኛው ተራራ አበባ ማር ነው…" አለኝ ቀስ ብሎ። ዓይኑ ቀላ። "ከሁሉ የሚጣፍጠው። አየሽ? ሕፃኑ ያውቃል!"

ወጣ። በመስኮት አየሁት፤ ቁልቁለቱን ሊሮጥ ይሞክራል። ኤሎይና ደጃፍ ሲደርስ እጁን ወደ ላይ ዘረጋ። እኔ ነፃ ነኝ ሊል መስሎኝ ነበር። እስከዚህ ድረስ የተሰማኝ ግን ይሄ ነው፦

"ወንድ ነው! ወንድ ልጅ!"