ደረጃ ላይ ወደቅኩ

ጥቅምት 4፣ ሰኞ

ሂሳብ ተፈተንን። ቀላል ነበር። ዳይሬክተሩ ኮሪደር ላይ ይዞኝ ትከሻዬን መታ መታ አደረገ። «አይዞህ፣ ወንድምህ ጨዋ ልጅ ነበር።» አምና ዱርዬ ብሎ ያባረረው ማን ሆነና? ለካ ጨዋ ለመባል መሞት ይበቃል።

ጥቅምት 6፣ ረቡዕ

አክስቴ እማዬን ላጽናና ብላ መጥታ ስለ ጉልበቷ ስታወራ ዋለች። በር ላይ ስትደርስ፦ «በግ እያልን ያሳደግነውን ልጅ ቀንድ ያስበቀለው ጓደኛ ነው።»

የትኛው ጓደኛ? ከእኔ ሌላ ማን ነበረው...

ጥቅምት 9፣ ቅዳሜ

አንዲት የመድኃኒት ተመራማሪ መጣች። ወንድሜ ለሚጥል በሽታው ይወስደው የነበረው ክኒን አንዳንድ ሰው ላይ ቁጣና ጠበኝነት ሳያመጣ አይቀርም አለች።

«እሱ ነው ልጄን የገደለው?» አለቻት እማዬ።

«እንደዚያ ማለት አንችልም እናቴ። ግንኙነት መኖሩን ነው የምናጠናው።»

ግንኙነት። ከሾፌር ጋር ተጣልቶ አስፋልት መሀል ሲገባ መኪና ገጨው፤ እሷ ገና ታጠናለች። ጅብ ከሄደ...

ስለ ወንድሜ ባህሪ የሚጠይቅ ቅጽ ለእኔ ሰጠችኝ። ክኒኑን በየጠዋቱ የማስውጠው እኔ ነበርኩ። ማክሰኞ ትመለሳለች።

ጥቅምት 10

አልነካሁትም።

ጥቅምት 11፣ ሰኞ

ቀን መቁጠሪያውን ከግድግዳ አወረድኩ። ክኒኑን በዋጠ ቁጥር ራይት አደርግበት ነበር። አንድም ቀን አልዘለልኩም። ጎበዝ ነርስ!

ክኒኑን በጀመረ በሦስተኛው ሳምንት፣ ረቡዕ። ራይቱ ተጣሟል። «ተወኝ» አለና አፌን በቡጢ አለኝ። ወዲያው ራሱ ደነገጠ። ደሜን በፎጣ እየጠረገ፣ «ለእማዬ እንዳትነግራት፣ በሞቴ።»

ደረጃ ላይ ወደቅኩ አልኳት።

በወሩ ቀጠሮ አብሬው ገባሁ። ሐኪሙ ከወረቀቱ ቀና ሳይል፣ «የባህሪ ለውጥ አለ?» ወንድሜ ወደ እኔ ዞረ። ምን እንድል ነበር የፈለገው?

«ኧረ እሱ በግ ነው» አልኩ። ሐኪሙ ሳቀ። መጠኑን ጨመረለት።

በዳይሬክተሩ፣ በአክስቴ፣ በሴትዮዋ ሳላግጥ ሰነበትኩ። እኔስ?

ጥቅምት 12፣ ማክሰኞ

ጻፍኩት። ቀኑን፣ ቡጢውን፣ ለሐኪሙ ያልኩትን። ሴትዮዋ ሳትመጣ ለእማዬ አነበብኩላት። ቀና ብዬ ላያት አልቻልኩም።

«ደረጃ ላይ አልወደቅኩም፣ እማዬ።»

«አውቃለሁ። ደረጃችን ሁለት እርከን ነው። ከዚያ ወድቆ አፉ የሚሰነጠቅ ሰው አለ?»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

እስክሪብቶውን ከእጄ ወሰደች። ቅጹ ላይ ያለው የፊርማ ቦታ የአንድ ሰው ብቻ ነው። ከእኔ ፊርማ ሥር አጠጋግታ ፈረመች።