ለማንዱ የሠራሁት ወለል

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 9

ብርዱ አጥንት ይሰብራል። ሐይቁ ዳር ዳሩን መርጋት ጀምሯል። ቁርስ በላሁ፣ የሞቀው ወለል ላይ ተጋደምኩ። ሌላ ምን ሥራ አለኝ? ጡረታ ማለት ይኸው ነው... ዕድሜዬን ሙሉ በቹንቾን ከተማ በየሰዉ ወለል ሥር የሙቅ ውሃ ቱቦ ስዘረጋ፣ ውሃ ማሞቂያ ቦይለር ስጠግን ኖርኩ። አሁን ተራው የእኔ ጀርባ ነው።

የሄሪም እናት መጥረጊያዋን ይዛ መጣች። «የሄሪም አባት፣ ተነስ ልጥረግበት።» ወደ ግራ ተንከባለልኩ። ቀኙን ጠረገች። ወደ ቀኝ ተንከባለልኩ። ግራውን ጠረገች። «ሬሳ እንኳ በሦስተኛው ቀን ለቀብር ይነሳል» አለችኝ።

ከሰዓት በኋላ ሄሪም መጣች። ልጄ ናት ብዬ ደስ ሲለኝ፣ ትልቅ የመስታወት ሳጥን አስከትላለች። መሥሪያ ቤቷ እስከ ሶላል፣ እስከ አዲስ ዓመታችን ድረስ፣ ቡሳን ከተማ ሊልካት ነው። እዚያ የምታርፍበት ቤት እንስሳ አያስገባም። ስለዚህ ጢማሙ የእሷ እንሽላሊት ለእኛ! ስሙ ማንዱ። በምንቀቅለው የሥጋ ጥቅልል፣ በማንዱ ስም... እንስሳ ነው ወይስ እራት?

ገና ልጅ ነው፣ ከመዳፌ ብዙም አይበልጥም። የሄሪም እናት ሶፋ ላይ ወጥታ «አዞ! አዞ!» ትላለች። እሱ ግን ወደ እኔ ዞሮ አንድ እጁን አነሳና ቀስ አድርጎ አወዛወዘ። ሰላም አለኝ እኮ! ጨዋ ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 10

ሄሪም ሄደች። በሩ ላይ ቆማ ስንቴ ነገረችኝ።

«አባዬ፣ መብራቶቹ ቀን ቀን ይብሩ፣ ማታ ይጥፉ። ሌላ ነገር እንዳትነካ።»

«እሺ።»

«እጅህን አውቀዋለሁ። ያልተበላሸ ነገር ትፈታታለህ።»

«እሺ አልኩሽ እኮ!»

«አንተን አምኜ ነው የምሄደው።»

ምን አስጨነቃት? አንድ እንሽላሊት በሕይወት ማቆየት ያቅተኛል?

ዓርብ፣ ዲሴምበር 12

መብራቶቹን ስመረምር ዋልኩ። ሁለት ናቸው። ክቡ ይፋጃል። ረጅሙ ግን... እጄን አስጠግቼ ጠበቅኩ። ምንም! የማያሞቅ መብራት ምን ይሠራል? ቆጣሪ ለማስሮጥ?

ደግሞ ከላይ ማሞቅ ምን የሚሉት ነው? ሙቀት ከታች ነው የሚመጣው። «እግር ይሙቅ፣ ራስ ይቀዝቅዝ» ይለኝ ነበር ሥራ ያስተማረኝ ሰውዬ፣ ነፍሱን ይማረው። ሰው ሲታመም የት ነው የምናስተኛው? ጣሪያ ላይ? ምስኪን ማንዱ፣ አናቱ ላይ እሳት፣ ሆዱ ሥር ቀዝቃዛ መስታወት። ይሄ ቤት ነው?

እርሳስና ሜትር አወጣሁ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 15

አለቀ! ቀጭን የመዳብ ቱቦ እንደ እባብ ተጠማዞ፣ በላዩ ደቃቅ አሸዋ፣ በአሸዋው ላይ ጠፍጣፋ ጥቁር ድንጋይ። ከራሳችን ቦይለር ቀጠልኩት። ጠብታ አይፈስም። ከጥግ እስከ ጥግ እኩል የሞቀ ወለል፤ ብዙ ሰው ቤት እንኳ እንዲህ አልሠራሁም። እጄ ግሪስ ሲነካ ደስ አለኝ፣ ልዋሽ አልችልም።

መብራቶቹን አጠፋሁ።

የሄሪም እናት ከሩቅ ቆማ ታያለች። «ልጅቷ አትንካ አላለችም?»

«መች ነካሁ? አሻሻልኩ።»

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 16

ማንዱ ቀኑን ሙሉ ድንጋዩ ላይ ተዘርግቶ ዋለ። እኔም ከሳጥኑ አጠገብ እንዲሁ። ለሁለታችንም ተመችቶናል።

ዓርብ፣ ዲሴምበር 19

አይበላም። ሄሪም ለቀለቡ የተወችለት ፌንጣዎች ፊቱ ላይ ሽር ሽር ይላሉ። አንዱ ጭራሽ ጀርባው ላይ ወጥቶ ጉብ አለ። ማንዱ ዝም። ሌላው አምልጦ ፍሪጅ ሥር ገብቶ ይዘፍናል። የሄሪም እናት «ወይ እሱ ይወጣል ወይ እኔ» ብላለች። እንግዳ ቤት ስለሆነበት ይሆናል... እስኪለምድ። ነው አይደል?

እሑድ፣ ዲሴምበር 21

ሄሪም በምስል ደወለች።

«ማንዱን አሳየኝ እስቲ። ... አባዬ፣ ለምንድነው እንዲህ የጠቆረው?»

«ካሜራው ነው።»

«መብራቱ በርቷል?»

«ተኝቷል እኮ።»

«በጠራራ ፀሐይ?»

«ድምፅሽ ይቆራረጣል... ሄሎ? ሄሎ?» ዘጋሁት። በዚህ ሽበቴ!

ፀሐይ ናፍቆት ይሆን? ነገ መስኮቱ ሥር አስቀምጠዋለሁ።

ሰኞ፣ ዲሴምበር 22

መስኮቱ ሥር ዋለ። ምንም ለውጥ የለም። ጢሙ ከሰል መስሏል። እጄን ሳስገባ እንደ ድሮው አላወዛወዘልኝም፣ ዓይኑንም አልገለጠም። አንስቼ ገለበጥኩት... ሆዱ ቀልቷል። ድንጋዩን በመዳፌ ዳሰስኩት። ለእኔ ደስ የሚል ሙቀት ነው። ለእሱስ?

የልጄን አደራ ገደልኩት?

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 23

ካፖርቴ ውስጥ ሸጉጬ እንስሳት ሐኪም ጋ ወሰድኩት። ዶክተር ፒዮ ትባላለች፣ የሄሪም እኩያ ብትሆን ነው። ምን ላይ እንደሚተኛ ጠየቀችኝ። ነገርኳት። ስለ ቱቦው፣ ስለ አሸዋው... ይባስ ብዬ በእርሳስ የነደፍኩትን የወለሉን ሥዕል ከኪሴ አውጥቼ አሳየኋት። እየሞተ እኮ ነው፣ እኔ ሥራዬን አሳያለሁ!

ሥዕሉን አየችው። «አባባ፣ በጣም ጥሩ ሥራ ነው። ለሰው።»

«ለእሱስ?»

«እሱ የበረሃ ልጅ ነው። ሙቀት ከላይ፣ ከፀሐይ መሆኑን ነው የሚያውቀው። የሆዱን ቃጠሎ በደንብ አይለየውም፤ ድንጋዩ እየፈጀው ዝም ብሎ ይተኛል። አናቱና ጀርባው ካልሞቀ ደግሞ የበላው አይፈጭለትም፣ ለዚህ ነው የሚተወው።»

«ረጅሙ መብራትስ? ምንም አያሞቅም እኮ።»

«እሱ ለማሞቅ አይደለም፣ ለአጥንቱ ነው። ያ ጨረር ከሌለ ካልሲየም ቢበላም አጥንቱ ይልፈሰፈሳል። በዚህ ዕድሜው ደግሞ ይባስ።»

«መስኮት ሥር ፀሐይ አሙቄዋለሁ...»

«መስታወቱ ጨረሩን ያስቀረዋል አባባ።»

አንድም ልክ ያደረግኩት ነገር የለም። ለምን እንደሆነ እንጃ፣ «መጀመሪያ ቀን በእጁ ሰላም ብሎኝ ነበር» አልኳት።

አንገቷን ደፋች፣ ሳቋን ስትውጥ አየኋት። «ሰላም አይደለም። 'አንተ ትልቅ ነህ፣ እባክህ አትብላኝ' ማለቱ ነው።»

ቅባት ሰጠችኝ። ይተርፋል ወይ ስላት «ይብላ፣ ከዚያ እንነጋገራለን» አለች። ቤት ስገባ የሄሪም እናት ሁሉንም ፊቴ ላይ አነበበችው። «አላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል» አለችኝ። እውነቷን ነው።

ረቡዕ፣ ዲሴምበር 24

ወለሌን በገዛ እጄ አፈረስኩ። ቱቦው ሲወጣ የራሴን ጥርስ የምነቅል መሰለኝ።

አሸዋውንም ጠረግኩ፤ ልጅ ስለሆነ ይውጠዋል ተብያለሁ። የወጥ ቤት ወረቀት አነጠፍኩ። ክቡን መብራት በአንድ ጫፍ ሰቀልኩ፣ ከሥሩ ወፍራም ቅርንጫፍ አጋደምኩ፣ ወጥቶ ጀርባውን እንዲሰጠው፤ ግን እንዳይነካው። ረጅሙን ከላይ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ። በቴርሞሜትር ስለካ ዋልኩ፦ ከመብራቱ ሥር አርባ ዲግሪ ገደማ፣ በሌላው ጫፍ ሃያ ስድስት። ሲሞቀው ወዲህ፣ ሲበርደው ወዲያ። እኔ እኩል በመሞቁ ስኩራራ፣ ለካ ማምለጫ አሳጥቼው ነበር።

ቅዳሜ፣ ዲሴምበር 27

አልበላም። እኔም አልበላሁም።

ማክሰኞ፣ ዲሴምበር 30

በላ!!!

ተጨማሪ ቅባት ገዝቼ ስመለስ የሄሪም እናት፣ ያቺ አዞ ብላ ሶፋ ላይ የወጣችው፣ ሳጥኑ አጠገብ ተንበርክካለች። በቾፕስቲኳ፣ በመብያ እንጨቶቿ፣ ፌንጣ ይዛለች። ፊቷን ወደ ኋላ አዙራ፣ ዓይኗን ጨፍና፣ «በል ጉረስ የኔ ልጅ፣ ጉረስ እንጂ» ትላለች። ማንዱ ቅርንጫፉ ላይ ነው፣ አናቱን ለመብራቱ ሰጥቶ። አንገቱን አዘነበለ። ምላሱን ላጥ! ቀጨም ቀጨም...

እሷ ጮኸች። እኔ አለቀስኩ። ምን ላድርግ፣ መጣብኝ። ለእንሽላሊት አለቀሰ ቢሉኝም ይበሉኝ።

ማክሰኞ፣ ጃንዋሪ 6

ቤቱ ይሸታል። ማንዱን አሸተትኩት፣ እሱ አይደለም። ሽታውን ተከትዬ በረንዳው ጋ ስደርስ የእኔ ድንጋይ! የእኔ ቱቦ! የሄሪም እናት ከቦይለሩ መልሳ አስቀጥላዋለች፤ ያስቀጠለችው ደግሞ እኔው ሥራ ባስተማርኩት ልጅ ነው። በላዩ የተቀቀለ አኩሪ አተር በብርድ ልብስ ሸፍና እያብላላች ነው።

«ከጥግ እስከ ጥግ እኩል ይሞቃል አላልክም?» አለችኝ።

ቀድሞ ከተብላላው አተር የሠራችው ወጥ ግን... ልዩ ነበር። ሁለት ሳህን በላሁ።

እሑድ፣ ጃንዋሪ 11

ከዚህ በላይ አልችልም አልኩና ለሄሪም ደውዬ ሁሉንም ዘረገፍኩት። ወለሉን፣ ሆዱን፣ የካሜራውን ውሸት።

«አባዬ፣ ሐኪም ቤት የሄድክ ዕለት እማዬ ነግራኛለች። በየቀኑ ትደውልልኛለች።»

«ታዲያ ለምን አልተቆጣሽኝም?»

«ልቆጣህ ነበር። በጣም አልቅሻለሁ። እማዬ ናት የከለከለችኝ። 'ተይው፣ ጡረታ ከወጣ ወዲህ ከወለሉ ሲነሳ ገና ማየቴ ነው' አለችኝ።»

ስልኩን ዘግቼ ወጥ ቤት ገባሁ። የሄሪም እናት ሽንኩርት ትልጣለች። ቢላ አነሳሁና አብሬያት ላጥኩ።

ዓርብ፣ ጃንዋሪ 23

ዶክተር ፒዮ ሆዱ ድኗል አለች። አድጓል፣ ቆዳው እንደ አሸዋ ፈክቷል። ከሳጥኑ ጎን ወንበር አስገባሁ፤ ጠዋት ጠዋት መብራቱን አበራና ጋዜጣዬን እዚያው አነባለሁ። የመብራቱ ሙቀት ትንሽ ትንሽ ትደርሰኛለች። ከላይ መሞቅም ለካ አለ።

ማክሰኞ፣ ፌብሩዋሪ 17፣ ሶላል

ሄሪም ትናንት ማታ ገባች። ጠዋት ለእኛ ሰገደች፣ የሩዝ ቂጣውን ሾርባ በላን፣ አንድ ዓመት ጨመርን። ማንዱን ልትወስድ ነው የመጣችው። የእሷ አይደለ?

ሳጥኑ ፊት ተንበረከከች። «ማንዱዬ! እንዴት ነው ያደግከው!»

ማንዱ አያት። አንድ እጁን አነሳና ቀስ አድርጎ አወዛወዘ።

ሄሪም ትርጉሙን ታውቀዋለች። ፊቷ ላይ ያለው ሳቅ ቀስ እያለ ጠፋ። «ረስቶኛል» አለች። «ፈራኝ።»

ነገሩን ላቀልላት ብዬ እጄን ሰደድኩ። እኔንም ቢፈራኝ ትጽናና ነበር... እሱ ግን ምንም ሳያወዛውዝ ክንዴ ላይ ወጣ፣ ሽቅብ ሄደ፣ ትከሻዬ ላይ ቁጭ አለ። የሄሪም እናት «በል ውረድ፣ ለሰውየው ታዳላለህ» አለችው።

ሄሪም አየችን። አፍንጫዋን በእጇ ጠረገች፣ ከዚያ ሳቀች።

«አባዬ፣ እዚሁ ይቆይ። እሑድ እሑድ እየመጣሁ አየዋለሁ። መብራቱን ብቻ...»

«አልነካም!»

ረቡዕ፣ ፌብሩዋሪ 18

መብራቱን አበራሁ። ማንዱ ቅርንጫፉ ላይ፣ እኔ ወንበሬ ላይ። ለማንዱ አዲስ ቅርንጫፍ ለመቁረጥ ወደ ሐይቁ እንወጣለን ተባብለናል፣ የሄሪም እናትና እኔ።

መጥረጊያዋን ይዛ ገባች። «የሄሪም አባት፣ ተነስ ልጥረግ...» አለችና ወደ ወለሉ አየች። ወለሉ ላይ ማንም አልነበረም።