የዳለቻው ጆሮና አርባ አንዱ አውራዎቻችን

ለክቡር ዶክተር ታዲዮስ
የደጋ በጎች ዘረመል ማስተካከያ ፕሮጀክት ዋና አስተባባሪ
አዲስ አበባ

ክቡር ሆይ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ጤናዎ እንደምን ሰንብቷል እላለሁ። ቢሮዎ እንዲሞቅልዎ፣ ወንበርዎ ወገብዎን እንዳያሳምምዎ፣ ስብሰባዎም በጊዜ እንዲያልቅልዎ ከልብ እመኛለሁ። እኛ ከጓሳ ግርጌ ያለነው መንዞች፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ ደህና ነን። ደህና ያልሆኑት በጎቻችን ብቻ ናቸው፤ እነሱም ቁጥራቸው እያነሰ ስለሆነ ክቡርነትዎን ለረጅም ጊዜ አያስቸግሩም።

እኔ የቀበሌያችን የበግ አርቢዎች ማኅበር ጸሐፊ ኃይለመስቀል ጌጡ ነኝ። በዚሁ ጉዳይ ሦስት ጊዜ ጽፌልዎ መልስ ያጣሁት ጽሑፌ ስላልተነበበልዎ ይሆናል ብዬ ይህን አራተኛውን ሰው ሁሉ እንዲያነበው በአደባባይ ጻፍኩት። ነጥቦቹን በተራ ያስቀመጥኩትም የመዝገብ ቤትዎ ሠራተኛ ተራ ቁጥር የሌለው አቤቱታ ወደ እርስዎ እንደማይገባ በስልክ ስለነገረችኝ ነው። ስለ ምክሯ አመሰግናታለሁ።

አንደኛ፤ ስለ ምርጫዎ አመሰግናለሁ። የዛሬ ሁለት ዓመት በጥቅምት ባለሙያዎችዎ ሲመጡ እኛ የአውራ ምርጫ ላይ ነበርን። ለማያውቅ አንባቢ ላስረዳ፤ በዓመት አንድ ቀን አባላቱ በሙሉ ወንድ ጠቦቶቻቸውን ይዘው ሜዳ ይወጣሉ፤ ሽማግሎቹ ጀርባ እየዳበሱ፣ ጥርስ እያዩ፣ ጠጉር እየፈለቀቁ፣ እናቲቱ ባለፈው ክረምት እንዴት እንደከረመች እየጠየቁ ይመርጣሉ። የተመረጠው አውራ ለመንደሩ ሁሉ ዘር ይሆናል፤ ያልተመረጠው ተኮላሽቶ ሙክት ይሆናል። እንዲህ ስንል አሥራ ሁለት ዓመት ለፍተን ውርጭ የማይጥለው፣ በጥቂት ሣር የሚያድር፣ ጠጉሩም ባና ለሚባለው የብርድ ልብሳችን የሚሆን በግ አገኘን። ገብሳችንን ውርጭ ሲመታው የምንበላው በዚህ በግ ነው፤ ሌላ ነገር የለንም። ከሁሉ የበለጠው ደግሞ የወይዘሮ አማከለች ዳለቻ አውራ ነበር። ወይዘሮ አማከለች ባለቤታቸው ካረፉ ወዲህ በበግ ብቻ የሚተዳደሩ የማኅበራችን አባል ናቸው።

ባለሙያዎችዎ ዳለቻውን ባዩ ጊዜ ዓይናቸው በራ። ከጆሮው ጥፍር የምታህል ቆዳ ቆርጠው ወሰዱ። ከእሷ ሕዋስ አውጥተው፣ ሥጋ እንዳይበዛ የሚያግደውን ዘረመል ቆርጠው፣ ጽንስ ሠርተው በእናት በጎቻችን ማህፀን እንደሚያስቀምጡ፣ የሚወለዱትም መልካቸው ዳለቻውን መስሎ ሥጋቸው እጥፍ እንደሚሆን አስረዱን። እኛም አጨበጨብን። ከሁሉ አስበልጬ ያጨበጨብኩት እኔ ነኝ፤ ይህንን እንዲመዘገብልኝ እፈልጋለሁ።

ሁለተኛ፤ ስለ ጥንቃቄዎ። ጽንስ የተቀመጠባቸው በጎች ሌላ አውራ ከደረሰባቸው ጥናቱ ይበላሻል ተባልን። የእኛ ግጦሽ የጋራ ነው፤ አጥር የለውም። ስለዚህ ከዳለቻው በቀር በቀበሌው ያለው አውራ ሁሉ፣ ከዚያ በፊት ተጸንሶ የሚወለደው ወንድም ሳይቀር፣ እንዲኮላሽ፣ ጥናቱ በይፋ ተዘግቷል እስኪባልም ከውጭ አውራ እንዳይገባ በውል ተጠየቅን። ምን ቸገራችሁ፣ በዓመቱ ለየቤታችሁ የዳለቻው ልጅ ይሰጣችኋል ተባልን። ከዳለቻው ሌላ አርባ አንድ የተመረጡ አውራዎች ነበሩን። የማኮላሻውን ጉጠት ያቀረበው ፕሮጀክትዎ ነው፤ የጨበጠው ግን የእኔ እጅ ነው። ሰው እንዲያምነኝ ብዬ ከራሴ በግ ጀመርኩ።

አንድ ሰው ብቻ እንቢ አለ። አቶ አፈወርቅ የሚባሉ ሽማግሌ፣ አሥራ ሁለቱንም ዓመት ምርጫውን የመሩት፣ አንድ እንኳ ለመጠባበቂያ ይቅር ብለው ለመኑ። እኔም፣ ክቡር ሆይ፣ የእርስዎን ወረቀት በእጄ ይዤ፣ የልጅ ልጃቸው በምሆን ዕድሜዬ፣ ሳይንስ የሚቃወም ከማኅበሩ ይሰረዛል አልኳቸው። በማግስቱ በጉን ራሳቸው እየጎተቱ አመጡት። እስከ ዛሬ አንድም ቀን ወቅሰውኝ አያውቁም፤ ቤተ ክርስቲያን ስንገናኝ እንደ ድሮው ጉንጬን ይስሙኛል። ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ሦስተኛ፤ ስለ ስኬትዎ እንኳን ደስ አለዎ። ጽንስ ከተቀመጠባቸው ሃያ አራት እናት በጎች አሥራ አምስቱ ጨነገፈባቸው። ዘጠኙ ቀናቸው ደረሰ። በግንቦት ምጥ ሲይዛቸው ግን በሆዳቸው ያለው ግልገል ከሚወጣበት በላይ ገዝፎ ስለነበር ሰባቱ ሁለት ሦስት ቀን አምጠው ግልገሉን በሆዳቸው እንደያዙ ሞቱ። የቀሩት ሁለቱ ሆዳቸው ተቀዶ ግልገሎቹ ወጡ። እንደ ተባለው በእጥፍ የገዘፉ ነበሩ፤ ሐሰት የለበትም። ብቻ መቆም አልቻሉም። አንደኛው በአምስት ቀኑ፣ ሁለተኛው በአሥራ አንድ ቀኑ ትንፋሽ አጥሮት ሞተ። ባለሙያዎችዎ የሞቱትን ግልገሎች በሙሉ በበረዶ ሣጥን አድርገው በክብር ጫኑ፤ የእናቶቹን ሬሳ ቅበሩት ብለው ለእኛ ተዉልን። ስለ ሥራ ክፍፍሉ ቅሬታ የለንም። በሪፖርትዎ ላይ ግን «ሁለት ግልገሎች በሕይወት ተወልደዋል» ተብሎ በጉልህ መጻፉን አይቻለሁ። እውነት ነው፤ ተወልደዋል።

አራተኛ፤ ይህንን እንዴት እንደማመሰግንዎ አላውቅም። ዳለቻው ዘሩ እንዳይባክን ተብሎ ከእናት በጎች ተለይቶ በቆርቆሮ ቤት ታስሮ ነበር። የጆሮው ነገር ካልተሳካ በኋላ በሰኔ ባለሙያዎችዎ ተመልሰው መጡና አሁን የሚያስፈልገው ግንደ ሕዋስ ነው አሉ። የወንድ ዘር የሚፈልቅበት ሥር የሆነ ሕዋስ ማለት ነው፤ የሚገኘውም ከቆለጥ ነው። ቀዶ ጥገናው ቀላል ነው ተባለ። ቁስሉ በሦስተኛው ቀን አበጠ፤ ባለሙያዎቹ በሁለተኛው ቀን ሄደው ነበር። በሐምሌ መጀመሪያ ዳለቻው ሞተ። በዚያች ቀን፣ ክቡር ሆይ፣ ቀበሌያችን አንድም አውራ የሌለው ቀበሌ ሆነ።

ማጽናኛ አልጎደለብንም። ከቢሮዎ የተደወለልኝ ሰው አትዘኑ፣ ሕዋሱ እዚህ በበረዶ ጋን ውስጥ በሕይወት አለ አለኝ። እኔም ምን እንደምል ቸግሮኝ ይህንኑ ለወይዘሮ አማከለች ነገርኳቸው። በመስከረም እሳቸው ጨውና አንድ ቁና ገብስ በነጠላቸው ቋጥረው፣ ከመሐል ሜዳ ከተማ በአውቶቡስ ተሳፍረው ከደጃፍዎ ደረሱ። የጥበቃ ሠራተኛዎ ጨዋ ሰው ነው፤ በእንግዳ መዝገቡ ላይ «ጉዳይ፦ በግ ለመጠየቅ» ብሎ ጻፈላቸው። እስከ ዘጠኝ ሰዓት በር ላይ ከተቀመጡ በኋላ አንድ ነጭ ጋውን የለበሰ ወጣት ወጥቶ፣ እናቴ፣ በግዎት እኮ ሞቷል ብሎ በርኅራኄ አስረዳቸው።

«መሞቱንስ አውቃለሁ፣ እኔ ነኝ የቀበርኩት፤ አለ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ» አሉት።

ገብሱን ለጥበቃው ሰጥተው ተመለሱ።

ዳለቻው ከሞተ ወዲህ ሁለተኛው ክረምት አለፈ፤ በቀበሌያችን አንድ ግልገል አልተወለደም። እናት በጎቹ ወቅታቸው ሲደርስ ከመስኩ ላይ እየጮኹ ይዞራሉ፤ ያረጁትን መሸጥ ጀምረናል። ውሉን አፍርሰን ሞላሌ ገበያ ብንወርድ ደግሞ እዚያ የሚወጣው አውራ ባለቤቱ ያልፈለገው ነው፤ የሚፈልገውን ማን ያወጣል? አሥራ ሁለት ዓመት ያወጣነውን ዓይነት ዘር በዚያ አንመልሰውም። ጥናቱም እስከ ዛሬ በይፋ አልተዘጋም፤ የመዝጊያው ወረቀት የእርስዎን ፊርማ እየጠበቀ እንደሆነ ሰምቻለሁ። እጅዎን የሚያምዎት ከሆነ እግዚአብሔር ይማርዎ።

ስለዚህ የማኅበራችን ልመና አንድ ነው። በጋኑ ውስጥ አለ ካላችሁት ሕዋስ አንድ አውራ፣ ሥጋው እጥፍ ያልሆነ፣ እንዲሁ እንደ ተራው ዳለቻ ያለ፣ ሠርታችሁ መልሱልን። ሕዋሱ የፕሮጀክቱ ንብረት ነው የሚለውን ቃል በስልክ ስለሰማሁት እንዳይደግሙልኝ አደራ። መሥራት የማይቻል ከሆነም ክቡርነትዎ በአካል መጥተው፣ አቶ አፈወርቅና ወይዘሮ አማከለች በተቀመጡበት፣ አይቻልም የምትለዋን አንዲት ቃል በአፍዎ ይናገሩልኝ። እኔ ብዙ ነገር ስለተናገርኩላቸው ከእንግዲህ የእኔን አፍ አያምኑትም፤ እውነታቸውን ነው።

ለዕውቀት ስላለዎት ጥማት፣ ለትዕግሥትዎና ለዝምታዎ ያለኝን ጥልቅ አክብሮት እየገለጽኩ፣ በጎችዎ ቢኖሩዎት ይርቡልዎ ዘንድ፣ ባይኖሩዎትም የሌሎችን እንዲተዉ ልቡናውን ይሰጥዎ ዘንድ እየጸለይኩ፣ እጅ ነሥቼ እሰናበታለሁ።

የክቡርነትዎ ታዛዥ፣ እጅግም ታዛዥ የነበረው
ኃይለመስቀል ጌጡ
የማኅበሩ ጸሐፊና የአርባ አንዱ አውራዎች አኮላሺ

ማስታወሻ፦ ከላይ ያለውን ፈርሜ ወደ ፖስታ ቤት ሳልወስደው ሽማግሎቹ ወደ ጊሼ ላኩኝ። ከብዙ ዓመት በፊት ለጊሼ አርቢዎች ሁለት አውራ ሰጥተናቸው ነበር፤ የእኛ ዘር የቀረው እነሱ ዘንድ ብቻ ነውና አንዱን ለምነህ አምጣ ተባልኩ። ከአቶ አፈወርቅ ጋር በእግር ሄድን። በክብር ተቀበሉን፤ እግራችንን አጠቡን። ሊቀመንበራቸው አቶ ይሥሐቅ ከፌስታል ውስጥ አንድ ወረቀት አውጥተው አሳዩኝ። እኛ አውራዎቻችንን ባኮላሸን ሰሞን ለቢሮዎ የጻፍኩት ምስክርነት ነው፤ ሕዝባችን በደስታ ፈጽሞታል፣ ጎረቤቶቻችንም ሳይሰጉ እንዲከተሉን እንመክራለን የሚል፣ ፊርማዬና የማኅበሩ ማኅተም ያለበት። ባለሙያዎችዎ እነሱም አውራዎቻቸውን እንዲያኮላሹ ሲጠይቁ ቅጂውን ሰጥተዋቸዋል።

«እንቢ ብለን ነበር፤ ያንተን ፊርማ ስናይ ነው እንቢታውን የተውነው» አሉኝ አቶ ይሥሐቅ።

ማኮላሸቱን ሐሙስ ዕለት ጨርሰውታል። ስልሳ ሦስት ነበሩ። ሁሉንም ነገርኳቸው፤ ማንም አልተቆጣኝም፤ መንገዱ ሩቅ ነው ብለው ስንቅ ቋጠሩልን።

ክቡር ዶክተር፣ የዚያ የምስክርነት ደብዳቤ ዋናው እርስዎ ዘንድ ነው። ወደ ሦስተኛ ቀበሌ ሳይደርስ ቀድደው ይጣሉልኝ። ይህንን የምልዎ በሽሙጥ አይደለም፤ እየለመንኩዎት ነው።