የወይዘሮ አስካለማርያም የረቡዕ ክፍለ ጊዜ

ወይዘሮ አስካለማርያም ወልደ ሰንበት ከአባታቸው ከአቶ ወልደ ሰንበት እሸቴና ከእናታቸው ከወይዘሮ ለተ ማርያም ደስታ በ1928 ዓ.ም. ጎሬ ከተማ ተወለዱ። እዚያው ተምረው በአሥራ ዘጠኝ ዓመታቸው መምህርት ሆኑ፤ አሥር ዓመትም አስተማሩ። አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ዘለቀን አግብተው ነጋሽንና ሂሩትን ወለዱ። ከዚህ በኋላ ያለው ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

በ1966 ባለቤታቸው ለትምህርት ሲላኩ አብረው አሜሪካ፣ ኦክላንድ ከተማ መጡ። በ1970 አቶ ሀብተ ጊዮርጊስ ከሄይዋርድ ሲመለሱ በመኪና አደጋ ሞቱ። ወይዘሮ አስካለማርያምም ከሰዓት በኋላ የሆቴል አንሶላ እያጠቡ ልጆቻቸውን ማሳደግ ያዙ።

በ1971 ትምህርት ቤቱ ነጋሽን ዘገምተኛ ከሚባሉ ልጆች ክፍል አስገባው። ጥፋቱ አስተማሪዋ ስትጠይቀው ብድግ ብሎ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ በቀስታ መመለሱ ነበር። እንዲህ አድርገው ያሳደጉት እናቱ ናቸው። ይህን የሕይወት ታሪክ የጻፈችው እኅታቸው ሠናይት ሲያለቅሱ ያየቻቸው ያን ቀን ብቻ ነው። ሁለቱንም ልጆች አስወጥተው ቤት ማስተማር ጀመሩ።

የትምህርት ተቆጣጣሪው መጥቶ፣ የየዕለቱ ትምህርት በሰዓት ተከፋፍሎ፣ የአስተማሪውም ስም ተጽፎ ካላየ ልጁን ወደዚያው ክፍል እንደሚመልሰው አስጠነቀቀ። እሳቸውም መርሐ ግብሩን ካርቶን ላይ ጽፈው ወጥ ቤት ሰቀሉ። ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ንባብ፣ ሦስት ሰዓት ላይ አማርኛ። ሒሳቡ ስለከበዳቸው የኢትዮጵያውያን ማኅበራችን አባል የሆኑትን፣ ያኔ ተማሪ የነበሩትን ዶክተር እምሩን ለመኑ። በሳምንት አንድ ቀን ለማስተማር በደስታ ቃል ገቡ፤ ረቡዕ ጠዋት አራት ሰዓት ላይ ስማቸው ተጻፈ።

አልመጡም። በማኅበራችን ስብሰባ ግን መሃይምነት ከአገራችን ስለሚጠፋበት መንገድ ሁለት ሰዓት ሙሉ ተናገሩ፤ ሁላችንም አጨበጨብን፤ ሠናይትም አጨብጭባለች። ሲደወልላቸው «እትዬ፣ ሶሪ፣ ሚቲንግ አለብኝ፤ ኔክስት ዊክ ሹር እመጣለሁ» ይሉ ነበር። ልጆቹ በየረቡዑ ደብተራቸውን ገልጠው ይጠብቃሉ። ሩብ ሰዓት ሲያልፍ እናታቸው ባዶውን ወንበር ስበው ይቀመጡና፣ አውቶቡስ ውስጥ ያጠኑትን አልጀብራ ያስተምራሉ። አራት ዓመት እንዲህ ሆነ። ባለፈው መስከረም ነጋሽ ተፈትኖ በሒሳብ ከእኩዮቹ በለጠ። ተቆጣጣሪው ይቅርታ አልጠየቀም።

በጥቅምት የጉበት ሕመም ጣላቸው። ትምህርቱ አልተቋረጠም፤ ልጆቹ ወንበራቸውን ወደ አልጋው አዞሩ። መርሐ ግብሩንም እስከ ሰኔ ጽፈው ጨረሱ። እኅታቸው የዶክተር እምሩን ስም እንዲሰርዙት ብትለምናቸው «ተይ፣ የመጣ ቀን ስሙን ቢያጣው ያፍራል» አሏት። ቅዳሜ ማርች 8 ቀን 1975 በሠላሳ ዘጠኝ ዓመታቸው አረፉ።

ሁለት ልጆችና አንዲት እኅት ትተዋል። እኅታቸው ቀኑን ሙሉ ሳን ሆዜ ፍራፍሬ ማሸጊያ ፋብሪካ ትውላለች፤ ሒሳብም አታውቅም። ተቆጣጣሪው ሰኞ ይመጣል፤ ስም ይፈልጋል።

ዛሬ ረቡዕ ነው፤ ጠዋት አራት ሰዓት። በዚህ በተዋስነው ቤተ ክርስቲያን ዶክተር እምሩ ጥቁር ከረቫት አስረው ከፊት ተቀምጠዋል። በሰዓታቸው ሲገኙ ይህ የመጀመሪያቸው ነው።

እግዚአብሔር የእኅታችንን ነፍስ ቃላቸውን ከሚጠብቁት ጋር ያኑርልን።