ከስድስት ዓመት በኋላ የተቀመጥኩት ለቅሶ

ይድረስ ለምወድህ ልጄ፤

የድንግል ልጅ ከክፉ ሁሉ ይሰውርህና ለጤናህ እንደምን አለህ? ቤንጋዚ ሙቀቱ ከእኛ ከግብፁም በርትቷል ይላሉ። ያ ወገብህን የሚይዝህ ነገር ተሻለህ? ሲሚንቶ ስትሸከም ቀበቶ እሰር ያልኩህን ሰምተኸኝ ይሆን? እኔ ከጉልበቴ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ላሟ ወልዳለች፤ ጥጃዋ ሴት ናት።

የእጅ ጽሑፉ ተለውጦ ስታየው እንዳትደነግጥ። እስከ ዛሬ የሚጽፍልኝ መምህር ለቢብ ነበር። እሱ ግን ከአጎትህ ከዋዲዕ ጋር አንድ ትሪ ላይ ነው የሚበላው፤ ይህ ደብዳቤ ደግሞ አንተ ዘንድ ሳይደርስ ዋዲዕ ጆሮ እንዲገባ አልፈልግም። ስለዚህ በቄሳችን በአባ ሰራባሞን እህት ልጅ እጅ ልኬዋለሁ። ማን እንደጻፈልኝ መጨረሻ ላይ እነግርሃለሁ። አሁን ብቻህን ሆነህ ቁጭ ብለህ አንብበው።

አባትህን የገደለው ሩሽዲ እስሩን ጨርሶ ለጰራቅሊጦስ ይፈታል። አጎትህም ለዚያው ቀን ድረስ ብሎ ልኮብሃል። “መሣሪያው ተወልውሎ ተቀምጧል፣ የቀረው ወንዱ ነው” ብሎ እንደላከብህ ከራሱ አፍ ሰምቻለሁ። እኔም ያሳደግሁህ ለዚህ ነው፤ አልክድም። ደሙ ሳይመለስ ለቅሶ የሚቀመጥ ቤት በእኛ ሰፈር የለምና፣ አንድ ሰው እንኳ “እግዚአብሔር ያጽናሽ” እንዲለኝ ሳልፈቅድ ስድስት ዓመት ኖርኩ። ማዶ ያለውን የእነሩሽዲን አረንጓዴ በር እንዳላይ በመንገድ በኩል ያለውን መስኮት ቸነከርኩት። የአባትህን ደም የነካውን ጀለቢያም እስክትሄድ ድረስ በየዓመቱ ከሳጥን እያወጣሁ አሳይህ ነበር።

በጾሙ መጨረሻ አባ ሰራባሞን መጡ። አንድ የደበቅኩት ነገር ነበረኝ፤ ተናዘዝኩላቸው። “ቅጣቴን ይስጡኝ፤ ጾም ከሆነ እጾማለሁ፣ ስግደት ከሆነም ጉልበቴ እስኪላጥ እሰግዳለሁ” ስላቸው ሳቁብኝ። “ጾሙንም ስግደቱንም ለምደሽዋል፤ የለመድሽው ምን ያስከፍልሻል? አንቺን የሚያቅትሽ ከዚህ ደጃፍ ወጥቶ እውነቱን መናገር ነው” አሉኝ። ካህንን መቆጣት ኃጢአት መሆኑን አውቃለሁ፤ ግን ተቆጣሁ። “እርስዎ ምን አለብዎት አባ፣ ባለቤትዎ ቤት ሆነው ሾርባ እየሠሩልዎት” አልኳቸው። “እሱስ እውነትሽን ነው” ብለው መስቀላቸውን አሳልመውኝ ወጡ።

ከትንሣኤ በኋላ ሦስት እሑድ ቤተ ክርስቲያን ሄጄ ሳልቆርብ ተመለስኩ። በሦስተኛው እሑድ ከቅዳሴ መልስ ያን ትልቁን የእንጨት አግዳሚ ብቻዬን ጎትቼ ደጃፍ አወጣሁትና ተቀመጥኩበት። አግዳሚ ደጅ አውጥቶ፣ ጥቁር ለብሶ መቀመጥ ምን ማለት እንደሆነ እዚህ ለማን ይነገራል? ዳቦ ጋጋሪው ሬዲዮኑን ዘጋ። ሴቶቹ ጣሪያ ላይ ወጡ። አንድ ሰዓት ሙሉ ግን ማንም አልቀረበኝም። አንተን ሳምጥ እንኳ ሰዓት እንዲህ አልረዘመብኝም።

በመጨረሻ ዋዲዕ እየሮጠ መጣ። “ምን ሆነሻል አንቺ ሴትዮ፣ ተነሺ ግቢ” አለኝ።

“ለቅሶ ተቀምጫለሁ” አልኩት።

“የማንን ለቅሶ? የነዚያ የውሾች ልጅ መሬት ሳይገባ ወንድሜ ለቅሶ የለውም” አለኝ። የምትጽፍልኝ እዚህ ላይ ብዕሯን አቁማ አየችኝ። ስድቡንም ሳታስቀሪ ጻፊው አልኳት፤ ጻፈችው።

ያን ጊዜ ስድስት ዓመት የዋጥኩትን መንገዱ ሁሉ እየሰማ ተናገርኩ። ልጄ፣ አባትህ ሚኒያ ሆስፒታል አንድ ቃል ሳይተነፍስ ሞተ ብዬህ ነበር። ዋሽቼሃለሁ። በሁለተኛው ቀን ጠዋት ዓይኑን ገልጦ እጄን ያዘኝ። “የመስኖው ተራ የእነሱ ነበር” አለኝ። “ውኃውን ወደ እኛ ሸንኮራ የመለስኩት እኔ ነኝ። ሩሽዲን አካፋውን እስኪያነሳ ድረስ በእናቱ የሰደብኩትም እኔ ነኝ። ደሜን አትጠይቁ። ለዋዲዕ ንገሪው፣ ለልጁም ንገሪው።” እሺ አልኩት። እሺ ብዬው ሞተ። ወጥቼ ለዋዲዕ “ምንም አላለም” አልኩት።

ለምን ብትለኝ፣ ተናድጄ ነበር። የእኔ ቤት ብቻ ጥቁር ለብሶ የእነሱ እንደ ቀድሞው እንዲኖር አልፈለግኩም። በመጀመሪያው ሳምንት ልናገር እችል ነበር። በሁለተኛው ዓመት ግን ውሸቱ ቤቴ ሆነ፤ ገብቼ በሩን ዘጋሁ።

ዋዲዕ ፊቱ አመድ መሰለ። “ፈጥረሽ ነው” አለኝ። “ለልጅሽ ፈርተሽ ነው፤ እናት ነሽ፣ አልፈርድብሽም። ልጁ ግን ወንድ ነው፤ ሲመጣ የአባቱን ደም ያውቃል።” አግዳሚውን በእግሩ መትቶ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ደጄን አልረገጠም።

እሱ ከመሄዱ አረንጓዴው በር ተከፈተና የሩሽዲ እናት ወጣች። ጫማ አላደረገችም። መንገዱ ቢበዛ አሥር እርምጃ ነው፤ እሷ ግን በየሁለቱ እርምጃ እየቆመች ነበር የምትመጣው። እፊቴ ስትደርስ እንደ ለቅሶ ደራሽ ሁሉ “የእሱ ቀሪ ዕድሜ ለአንቺ ይሁን” አለችኝ። መልሱን ሕፃን ሁሉ ያውቀዋል። የእኔ አፍ ግን አልከፈት አለኝ። እጠላት ነበር ልጄ፤ ያን ጊዜም፣ እፊቴ ቆማም እጠላት ነበር። ኪርያላይሶን፣ ኪርያላይሶን እያልኩ በልቤ ቆጠርኩ። ስንተኛው ላይ እንደሆነ እንጃ፣ “የአንቺም ዕድሜ ይርዘም” አልኳትና ፈቀቅ ብዬ ቦታ ለቀቅኩላት። አልተቃቀፍንም፣ አላለቀስንምም። ጎን ለጎን ተቀምጠን መንገዱን ስናይ ቆየን። ከዚያ ዳቦ ጋጋሪው እጁን እየጠረገ መጣ፣ ከእሱ ኋላ ሌላው። እስከ ሠርክ ድረስ አርባ የሚሆን ሰው የአባትህን ለቅሶ ደረሰ።

በሚቀጥለው እሑድ ቆረብኩ። ሰላም አገኘሁ ብዬ ግን አልዋሽህም፤ እፈራለሁ። መሣሪያው አሁንም ዋዲዕ ቤት ነው፣ አንተም ትኬትህን ቆርጠሃል አሉ። እኔን ልትጠላኝ ትችላለህ፤ ይገባኛል። ብቻ ጥላቻህ እኔ ደጃፍ ላይ ይቁም፣ መንገዱን አይሻገር።

ስለምትጽፍልኝ እነግርሃለሁ ብዬ ነበር። ዋዲዕን ፈርተው ሁሉም እምቢ ሲሉኝ እሷ ብዕሯን ይዛ በጠራራ ፀሐይ፣ ሰው ሁሉ እያያት መጣች። ብርሃን እንዲገባላት የመስኮቱን ሚስማር ነቀልኩ። እስከ ስድስተኛ ክፍል አንድ ዴስክ ላይ ነበራችሁ፤ ጽሑፏን ገና ከላዩ ሳታውቀው አልቀረህም። የምትጨምሪለት ነገር አለ ወይ ብላት የለም አለችኝ። ይህን ጽፋ ስትጨርስ መንገዱን ተሻግራ ቤቷ ትገባለች። ወንድሟ ሲመለስም ሰው ባንኳኳ ቁጥር ያን አረንጓዴ በር የምትከፍተው እሷ ናት።

የአባትህ አምላክ መንገድህን ያቅናልህ፤ የእመቤታችን ጸሎት ከፊትም ከኋላም ይጠብቅህ። ስትመጣ ምንም እንዳትይዝ። ባዶ እጅህን ና፣ ልሳመው።

ለቅሶዋን የተቀመጠችው
እናትህ