የአባባ አያሌውን ድንበር የሰበርኩ ሰሞን

ሰኞ

ድንበሩ ተናደ። ስረግጠው ተናደ። ሌላ ማንም አልነበረበትም፤ ነፋስ ነው እንዳልል ነፋስም አልነበረም።

የአባባ አያሌው የሩዝ ማሳ ላይ ነው። ውኃውን የሚይዘው የጭቃ ድንበር ላይ እንደ ሁልጊዜው እየተራመድኩ ነበር። መጀመሪያ ግራ እግሬ ሰመጠ፣ ከዚያ እኔ ራሴ ጭቃው ውስጥ ቁጭ አልኩ። ውኃው በጎኔ አልፎ ወደ ጎረቤት ማሳ ተንዶለዶለ። አባባ አያሌው ጨዋ ሰው ናቸው፣ አልተቆጡም። አካፋቸውን ይዘው መጡና "የኔ ልጅ፣ አንቺ ስትመጪ ውኃዬ ሄደ" ብቻ አሉ። እኔን ለማውጣት ልጃቸውን ጠሩ። ልጃቸው ጎረቤቱን ጠራ።

ግብርና ጽሕፈት ቤት ስደርስ ወሬው ቀድሞኛል። በሚቀጥለው ሳምንት ቅዳሜ በዚሁ ማሳ ላይ የመስክ ቀን አለን፤ ከዞን እንግዶች ይመጣሉ። አዲሱን የሩዝ ዘር ከችግኙ ጀምሮ የተከታተልኩት እኔ ነኝ። እንግዶቹን በማሳው እያዞርኩ የማስረዳውም እኔ ነበርኩ። ኃላፊያችን ግን ከላይ እስከ ታች አየኝና "እመቤት፣ አንቺ ድንኳኑ ውስጥ ሆነሽ ማይክ ብትይዢስ?" አለ። ማሳውን ደሳለኝ ይምራ ማለቱ ነው። ደሳለኝ አምና የተቀጠረ፣ እንደ ሸንበቆ የቀጠነ ባለሙያ ነው።

ወሰንኩ። ከነገ ጀምሮ እንጀራ የለም። ሩዝ የለም። ስኳር የለም። ጠላ የለም። ሁሉም በአንድ ጊዜ።

ባሌ አበባው "ቀስ በቀስ ይሻላል" አለ። "አሁን ግማሽ እንጀራ ቀንሺ፤ ስትለምጂው ሌላ ግማሽ።" የሂሳብ አስተማሪ ነው፣ ሁሉንም ነገር በክፍልፋይ ነው የሚያየው። ደግሞ የእኔን እጥፍ በልቶ ቀበቶው ላይ አዲስ ቀዳዳ የሚበሳ ሰው ነው። ቀጭን ሰው ስለ ውፍረት ምን ያውቃል?

ማክሰኞ

የሚታመን ሚዛን ያለው ሩዝ መፈልፈያው ቤት ነው። ሰው ሳይበዛ ልመዘን ብዬ በጠዋት ሄድኩ። በዝቷል። ሰውየው ከጆንያዎቹ መሃል ቦታ ለቀቀልኝ፤ ልማድ ሆኖበት ነው መሰለኝ፣ ጮክ ብሎ ነው ያነበበው፦ "ኩንታል ሊሞላ ትንሽ ቀርቶታል!" አንዱ ተሸካሚ "የተፈለፈለ ነው ያልተፈለፈለ?" ብሎ ጠየቀ።

ቁርስ፦ ሎሚ በውኃ።
ምሳ፦ የተቀቀለ ጎመን፣ ዘይት የሌለው።
እራት፦ ከምሳ የተረፈ ጎመን። እንዲህ ያለ ጎመን ሁልጊዜ ይተርፋል።

ከሥራ ስወጣ በእግሬ ልንሸራሸር ብዬ በአስፋልቱ ወደ ሐሙሲት አቅጣጫ ወጣሁ። ወረታ ላይ አንዲት ባለትዳር ሴት ዘንቢል ሳትይዝ፣ ነጠላ ሳታጣፋ፣ እጇን እያወናጨፈች ስትሄድ ያየ ሰው ዝም አይልም። አንዷ "ማን ሞተ?" ብላ ደረቷን ያዘች። ማንም አልሞተም ስላት አላመነችኝም፤ ልትደብቀኝ ነው ብላ አብራኝ ትንሽ ሄደች። ቀጥሎ አንድ ባለ ባጃጅ ጎኔ ለጎኔ በዝግታ እየነዳ "ይግቡ እትዬ፣ ሒሳብ አልቀበልም" አለ። እምቢ አልኩ። እምቢታዬን በችግር ተረጎመው፣ ይብስ ለመነኝ። ከኋላው መኪና ሁሉ ጥሩምባ ይነፋል። ለመንገዱ ሰላም ስል ገባሁ።

ረቡዕ

ራሴን ያመኛል። ደሳለኝ እስክሪብቶ ሲያቀብለኝ "ማን ስጠኝ አለህ?" ብዬ ጮህኩበት። ጠይቄው ነበር።

ጎረቤት ሽንኩርት ስታቁላላ ዓይኔ እንባ አቀረረ። ሽንኩርቱ ያለው እዚያ ግቢ፣ እንባው እዚህ።

አበባው ጠፋብኝ። ብፈልገው ከቤቱ ኋላ ቆሞ ምሳውን ይበላል። እንዳላየው ብሎ ነው። ሳየው የጎረሰውን ሳያኝክ ዋጠ።

አንድ ድል ግን አለ፦ የቀሚሴ ዚፕ ትንፋሼን ሳልይዝ ተዘጋ። አበባውን ጠርቼ አሳየሁት። "ቀሚሱ ሰፍቶ ይሆናል" አለ። እራቱንም ከቤቱ ኋላ ይብላ።

ሐሙስ

አማቴ እማማ ጥሩነሽ ከሊቦ መጡ፣ አንድ ቅል ሙሉ ቅቤ ይዘው። ገና ከበሩ "ምነው ልጄ፣ ከሳሽ?" አሉኝ።

ደስታዬን እንዴት ልጻፈው! ሚዛኑ፣ ባሌ፣ መሥሪያ ቤቱ ያላየውን እሳቸው አዩት። አገላብጬ ሳምኳቸው። ደስታዬ ግን ቡና እስኪፈላ አልቆየም። ልጃቸውን ወደ ጓዳ ጎትተው "አሟት ነው? ወይስ አንተ ሌላ ይዘሃል?" ሲሉ ሰማሁ።

"እማዬ፣ እሷ ናት እኮ አልበላም ያለችው!"

"ጤነኛ ሰው ቤቱ ሞልቶ አልበላም ይላል? ምን አድርገሃት ነው?"

ገብቼ እውነቱን ነገርኳቸው። ውፍረት ልቀንስ ነው አልኩ። እሳቸውም "ሰው ሥጋውን በገዛ እጁ ይጥላል?" አሉ። ከዚያ ጀምሮ አበባውን በክፉ ዓይን ነው የሚያዩት። አሁንም አላመኑንም።

ዓርብ

ስብሰባ ላይ ነበርን። ኃላፊያችን ስለ መስክ ቀኑ ያወራል። ድንገት ሁለት ሆነ። አንዱም በበቃን ነበር። ግድግዳውን ልደገፍ ዞር ስል ግድግዳው አልነበረም።

ስነቃ ወለሉ ላይ ነኝ፤ ደሳለኝ በስብሰባው ወረቀት ያራግብልኛል። ያ የተቆጣሁት ልጅ።

ጤና ጣቢያ ወሰዱኝ። ነርሷ ደም ግፊቴን ለክታ "ምን በላሽ?" አለች።

"ጎመን።"

"ከጎመን ሌላስ?"

"ሎሚ።"

እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። "እህቴ፣ ይኼ ሰውነት በስንት ዓመት የመጣ ነው? ዛሬውኑ ውጣልኝ ብትይው እንዴት ይሆናል? ከምትበይው ትንሽ ትንሽ ቀንሺ፣ በየቀኑ ተንቀሳቀሺ፣ ቁርስ እንዳትተዪ።" አበባው በሩ ላይ ቆሞ ሁሉንም ሰማ። አንድ ነገር ቢናገር ኖሮ፣ መልስ አዘጋጅቼ ነበር።

ኃላፊያችን ስልክ ደወለ። "ምሕረቱን ያምጣልሽ፣ ማሳውን ደሳለኝ ይመራል፣ አትጨነቂ" አለ። ስልኩን ዘግቼ አለቀስኩ። ድንኳንና ማይክ አይደለም ያስለቀሰኝ። ያ ሩዝ ሲተከል እስከ ጉልበቴ ውኃ ውስጥ ቆሜ ነበር። ጎርፍ ይወስደዋል ብዬ ክረምቱን ሙሉ ዝናብ በጣለ ቁጥር ደንግጫለሁ። አሁን እሸት ይዞ ሲታይ ሌላ ሰው ሊያሳየው ነው።

ቅዳሜ

ገንፎ።

እማማ ጥሩነሽ አልለመኑኝም፣ አልመከሩኝም። ፊቴ አስቀምጠውት ሄዱ። መሃሉ ላይ ቅቤው እንደ ጣና ተንጣሏል። ዳር ዳሩን ልቅመስ አልኩ። ከዳር ተነስቼ መሃል ደረስኩ፤ ከመሃል ወዲያ ማዶ ተሻገርኩ። ሳህኑ ሲታይ ነው ቀና ያልኩት።

እማማ ከበሩ ሆነው "ተመስገን፣ ዳነች" አሉ። አበባውንም ይቅር አሉት፤ ድስቱ ውስጥ የተረፈውን ገንፎ ሰጡት።

ወደ ሚዛኑ አልሄድኩም። አላበድኩም።

እሑድ

ከቤተ ክርስቲያን መልስ አባባ አያሌው ሊጠይቁኝ መጡ፣ ወተት ይዘው። በእሳቸው ምክንያት የታመምኩ መስሏቸው ፊታቸው ጠቁሯል።

"ወደቀች ቢሉኝ ጊዜ ያ ጭቃ ነው የጎዳት ብዬ እንቅልፍ አጣሁ" አሉ። ጭቃው አይደለም፣ ድንበርዎን እንዳልሰብር ልከሳ ብዬ ነው አልኳቸው። ዱላቸውን ተደግፈው እስኪያስላቸው ሳቁ።

ሳቃቸው ሲበርድ ግን "ያ ቀጭኑ ልጅ መጥቶ ነበር" አሉ። "ደኅና ልጅ ነው። ግን አንቺ ነሽ እንጂ ከእኔ ጋር ክረምቱን የከረምሽው። እመቤት ካልመራች ማሳዬ ላይ እንግዳ አይቆምም ብዬ ለሹምሽ ነግሬዋለሁ።"

"እሱስ?"

"ምን ይላል? ማሳው የእኔ ነው።"

"አባባ፣ ድንበሩስ?"

"አስፍቼ ደልድዬዋለሁ። በሬ ብነዳበት አይናድም።"

ልደሰት ወይስ ልቀየም አላውቅም። ሁለቱንም አደረግኩ። መጀመሪያ ተደሰትኩ።

ሰኞ

ቀስ በቀስ ተጀመረ። አበባው ደስታውን ለመደበቅ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሯል።

ስምምነቱ፦ ከምበላው እንጀራ ግማሽ ይቀንሳል። ሻይ ላይ የምጨምረው ስኳር ማንኪያው ጎደል ይላል። ጠላ ለበዓል ብቻ። በዓል ስንት ጊዜ ነው የሚለው ላይ ተከራክረናል።

በእግር መሄዱንም ቀጠልኩ፤ እማማ ጥሩነሽ "ብቻሽን ምን ያንከራትትሻል" ብለው አብረውኝ ወጡ። ነጭ ነጠላቸውን አጣፍተው፣ መቋሚያ ይዘው። ማንም ማን ሞተ አላለን፤ ቤተ ክርስቲያን ሳሚዎች መስለናቸዋል። እንዲያውም አንዱ "ጸልዩልን" አለ። እማማ "እሺ" አሉት።

አካሄዳቸው ግን! እንዲህ ያለ ፈጣን ሰው አላየሁም። ወደ ኋላ ስቀር ቆም ይሉና ሜዳው ላይ የተሰማሩትን ከብቶች እንደሚያዩ ይሆናሉ። ስደርስባቸው ስለ አንዷ ላም ጡት ያወሩልኛል። እንዳላፍር ብለው ነው።

ሐሙስ

አልራበኝም። አልጠገብኩምም። በመሃል የሆነ ቦታ ነኝ፣ እንዲህ ያለ ቦታ መኖሩን አላውቅም ነበር።

ደሳለኝን ይቅርታ ጠየቅኩት። "ለእስክሪብቶው ነው?" አለ። ለእሱም፣ ለሌላውም አልኩ። ሌላው ምን እንደሆነ አልጠየቀኝም።

መፈልፈያው ቤት ሄድኩ። ሰውየው ዛሬ ተሻሽሏል፣ በጆሮዬ ነው ያነበበልኝ። ከመጀመሪያው ቀን ትንሽ ቀንሷል። ገንፎውንም ጨምሮ! ያ ተሸካሚ ፊቴን አይቶ "ገለባው እየወጣ ነው" አለ። ሳቅኩ። ሳልፈልግ።

ቅዳሜ

የመስክ ቀኑ አለፈ! ድንበሩ ቻለኝ።

ጫማዬን አውልቄ ቀድሜ ገባሁ። የመጀመሪያዎቹን እርምጃዎች ትንፋሼን ይዤ ነበር፤ ከዚያ ሩዙን ሳይ ድንበሩን ረሳሁት። ዛላው ከብዶት አንገቱን ደፍቷል። ወረቀት አላየሁም። የትኛው ጥግ ውኃ እንደተኛበት፣ የትኛው ዘግይቶ እንደበቀለ፣ ሁሉንም ነገርኳቸው። ደሳለኝ ከኋላዬ ናሙና ይዞ ይከተላል። አባባ አያሌው በየመሃሉ "እውነት ነው!" ይላሉ፣ ያልተጠየቁትን።

ከዞን የመጡት ትልቁ ሰውዬ ግን ድንበሩ ጫፍ ላይ ቆመው ቀሩ። ከእኔ ይከብዳሉ። አንድ እግራቸውን አነሱ፣ መለሱ፣ አነሱ። ሁሉም ሰማይ ሰማይ ያያል። ተመልሼ እጄን ዘረጋሁላቸው። "ይምጡ ጌታዬ፣ እኔን የቻለ እርስዎን አያቅተውም" አልኩ። ጆሮዬ ላይ ጠጋ ብለው "እኔም እኮ ከሰኞ ውፍረት መቀነስ ልጀምር ነበር" አሉኝ። እጅ ለእጅ ተያይዘን ማሳውን ዞርን።

ከዚያ ምሳ። የአባባ አያሌው ባለቤት በጉርሻ መጡብኝ። አንዱን ተቀበልኩ። ሁለተኛውንም። ሦስተኛውን ለዞኑ ሰው አሳለፍኩ፤ እሳቸውማ አፋቸውን ቀድመው ከፍተው ነበር።

እሑድ

እማማ ጥሩነሽ የሚመለሱበት ቀን ነበር። ጓዛቸውን ይዘን መናኸሪያ ሸኘናቸው። ወደ ሊቦ የሚሄደው መኪና ረዳት "አዲስ ዘመን! አዲስ ዘመን!" ይላል። መኪናው ሞልቶ አንድ ቦታ ቀረ። እማማ ከተቀመጡበት አግዳሚ አልተነሱም።

አበባው "እማዬ፣ ሊሄድ ነው" አለ።

"ይሂድ" አሉ። ነጠላቸውን አስተካከሉ፣ ደግመው አስተካከሉ። ከዚያ ልጃቸውን ትተው ወደ እኔ ዞሩ። "አባቱ ካረፈ ወዲህ መሄጃ አላጣሁም፤ ገበያውም ደብሩም አለ። አብሮኝ የሚሄድ ነው የጠፋው። እስከ ኅዳር ሚካኤል ብቆይ ትጠሉኛላችሁ?"

አበባው ጓዙን ብድግ አድርጎ ወደ ቤት አቀና። እኔ እጃቸውን ሳምኩ። አልቅሼም ስቄም ነበር፤ ሰው ሁሉ ያያል።

ቤት ሳንደርስ ገና መንገድ ላይ "ይቺ ያንቺ መንገድ አጠረችኝ" አሉ። "ነገ እስከ ርብ ድልድይ እንሂድ።"

ርብ በመኪናም ሩቅ ነው። እሺ አልኳቸው። መሄዱን እንሄዳለን፤ መመለሱን እንጃ።